ሐኪሙ «ተንቀሳቀስ» ብሎሃል፣ ቤተሰብህ «ቁጭ በል» ይልሃል

የአንባቢ ደብዳቤ (ባጭሩ)፦ «ዕድሜዬ 51 ነው፤ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። አምና እግሬ አብጦ፣ ማታ ጋደም ስል ትንፋሽ እያጠረኝ ሆስፒታል ገባሁ። የልብ ድካም ነው ተባልኩ። ያኔ በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲታይ የልቤ የመርጨት አቅም 25 ነበር፤ መድኃኒቴን አንድም ቀን ሳላጓድል ወስጄ ባለፈው ወር 42 ደርሷል። ሐኪሙ ‹በጣም ጥሩ ነው፤ ወደ ኑሮህ ተመለስ፣ ተንቀሳቀስ› አለኝ። ቤት ግን ሌላ ነው። ባለቤቴ የውኃ ጆግ እንኳ አታስነሳኝም። ሱቁን ታናሽ ወንድሜ ይዞታል። እኔም ሁለት ፎቅ ስወጣ ስለማለከልክ ፈርቻለሁ። ጫት ተከልክያለሁ፤ ጓደኞቼ ደግሞ የሚገናኙት በርጫ ላይ ነው፤ ሰው ናፈቀኝ። እናቴ ሐረር ናት፤ ልሂድ ስል ‹የደንገጎን አቀበት እንዴት ትወጣዋለህ› ይሉኛል። ደህና ከሆንኩ መድኃኒቱንስ ማቆም አልችልም? አንድ የማፍርበት ጥያቄም አለኝ፤ የትዳር ነገር ነው። አንቱታውን ተውልኝ፤ የድሬ ሰው ነኝ።»

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። እንደ ፈቃድህ አንቱታውን ትቼዋለሁ።

ከ25 ወደ 42 መምጣት ትልቅ ነገር ነው። ግን ይህን ቁጥር ብዙ ሰው ሲሰማው ይደነግጣልና አስቀድሜ እሱን ላጥራው። 42 ማለት ከልብህ የቀረው 42 በመቶው ብቻ ነው ማለት አይደለም። የግራው የልብ ክፍል ደም ሞልቶ ሲጨመቅ፣ ከያዘው ደም በአንድ ምት ምን ያህሉን እንደሚያስወጣ ነው የሚለካው። የጤነኛ ሰው ልብም ቢሆን የያዘውን ሁሉ አያስወጣም፤ ከ55 እስከ 70 በመቶ አካባቢ ነው። አንተን ከመቶ ሳይሆን ከዚህ ጋር ነው ማስተያየት።

ቁጥሩ የማይነግርህ ሌላ ነገር አለ። ደረጃ ስትወጣ የሚያስለከልክህ ልብህ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ሆስፒታል ተኛህ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ወራት ሙሉ ተቀመጥክ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የጭንህና የባትህ ጡንቻ ሟሟ። የሟሟ ጡንቻ ቶሎ ይዝላል፤ ጥቂት ሲሠራ ብዙ ያስተነፍሳል። አንተ ግን ማለክለኩን «ልቤ እምቢ አለ» ብለህ ወሰድከውና ይበልጥ ተቀመጥክ፤ በተቀመጥክ ቁጥር እግርህ ይበልጥ ደከመ። መድኃኒቱ ልብህን ረድቶታል። እግርህን የሚረዳ መድኃኒት ግን ከፋርማሲ አይገዛም፤ መራመድ ነው። የምጽፍልህ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው፤ አሁን ላንተ እርምጃ እንደ ክኒኑ በልክና በሰዓት የሚወሰድ ሕክምና ነው።

ቤተሰብህን አትውቀሳቸው። እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሐኪሞች ራሳቸው የልብ ድካም ላለበት ሰው የሚያዙት ዕረፍትና አልጋ ነበር። አስተሳሰቡ የተለወጠው ከዚያ በኋላ በመጡ ጥናቶች ነው። ከትልልቆቹ አንዱ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የወጣው ኤችኤፍ-አክሽን የተባለው ነው። የልባቸው የመርጨት አቅም 35 እና ከዚያ በታች የሆነ 2,331 ሕሙማን ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ ከመድኃኒታቸው ጋር በክትትል የአካል እንቅስቃሴ ጀመሩ፣ የቀሩት በተለመደው ሕክምና ቀጠሉ። እንቅስቃሴው አደጋ አላበዛባቸውም፤ አቅማቸውንና ኑሯቸውንም አሻሻለ። ለውጡ ልከኛ ነበር፤ ተአምር ብዬ አላጋንነውም። ግን ልብ በል፤ እነዚያ ሰዎች ሲጀምሩ ልባቸው ካንተ የአሁኑ ልብ የደከመ ነበር።

እንግዲህ እንዴት ትጀምራለህ?

ከመጀመርህ በፊት ሐኪምህን ሁለት ነገር ጠይቀው፤ «የልቤ በር (ቫልቭ) የጠበበ ነው ወይ? የልብ ምት መዛባትስ አለብኝ ወይ?» ሁለቱም ከሌሉብህና ሐኪሙ ሌላ ክልከላ ከሌለው በጠፍጣፋ መሬት መራመድ መጀመር ትችላለህ። ካሉብህ ግን ልኩን እሱ ይወስንልህ።

ሰዓቱን የድሬ ፀሐይ ነው የሚመርጥልህ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውጣ፤ ካልሆነም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ ረፋድ ላይ እንኳ እንዳትሞክረው። አንተ የሽንት መድኃኒት (ላሲክስ) ትወስዳለህ፤ ሙቀት ላይ በላብ ተጨማሪ ውኃ ሲወጣ ደም ግፊትህ ይወርድና ያዞርሃል። ላሲክሱን ከእግር ጉዞ ስትመለስ ብትውጠው መንገድ ላይ ሽንት አያጣድፍህም። ቦታውን በተመለከተ፣ ሰፈርህ አቧራና ባጃጅ ከበዛበት በባጃጅ እስከ «ከዚራ» ሰፈር ድረስ ሂድ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ዛፉ ጥላ ነው፣ ሲደክምህ የምታርፍበት አታጣም።

የመጀመሪያው ሳምንት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃሃል፣ ጠዋትና ማታ። ትንሽ ነው ብለህ አትናቀው። ሰውነትህ ከተቀበለው በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምር። የምንሄድበት ግብ በሳምንት አብዛኛውን ቀን 30 ደቂቃ ነው፤ ለመድረስ ሁለት ወር ቢፈጅም ሦስት ወር ቢፈጅም ግድ የለም። ስትጀምር ቀስ፣ ስትጨርስም ቀስ፤ በድንገት ቀጥ ብለህ አትቁም። ምግብ እንደበላህ አትውጣ።

ፍጥነትህን በአንደበትህ ለካው። እየተራመድክ ከጎንህ ላለው ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልክ ልክ ነህ። ሁለት ቃል ተናግረህ አየር የምትስብ ከሆነ በዝቶብሃል፤ ቀንስ። የልብ ምትህን በጣትህ እየቆጠርክ አትጨነቅ፤ የልብ ምትን የሚያረጋጉትን ካርቬዲሎል ወይም ሜቶፕሮሎል የምትወስድ ከሆነ ምቱ እንደ ድሮው ስለማይጨምር ቁጥሩ ያሳስትሃል።

ለጭንህ ደግሞ ቤት ውስጥ የምትሠራው አለ። የማይንቀሳቀስ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፍ። ጫፉ ላይ ተቀመጥ፣ እግርህን በትከሻህ ስፋት መሬት ላይ አሳርፍ፣ እጅህን ደረትህ ላይ አጣምር። ወደ ፊት ጎንበስ በልና እየተነፈስክ ተነሳ፤ ከዚያ እንደ መውደቅ ሳይሆን በዝግታ ተቀመጥ። መጀመሪያ ላይ አምስት ጊዜ ብትሠራ ጭንህ ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ የድካሙ ምንጭ የት እንዳለ ራሱ ይነግርሃል። ቀስ በቀስ ወደ አሥር ውሰደው። ትንፋሽህን አምቀህ ግን ምንም ነገር እንዳትሠራ፣ እንዳታነሳም።

እየተራመድክ ደረትህን ካመመህ፣ ካዞረህ፣ ልብህ ከተርበተበተ ወይም ቆመህም ትንፋሽህ አልረጋ ካለ እዚያው አቁም። ዕረፍት አድርገህ ካልተወህ ቤት መግባት ሳይሆን ሆስፒታል ነው። ጉልበትህ ወይም ወገብህ ቢያምህ ደግሞ በራስህ ዳይክሎፍናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝተህ እንዳትውጥ። እነዚህ መድኃኒቶች ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ ኩላሊትንም ያስቸግራሉ፤ ተሽሎት የነበረን ሰው መልሰው ሆስፒታል ያስገባሉ። ፋርማሲ ስትሄድ «የልብ ድካም አለብኝ» ማለትን ልማድ አድርግ።

አንድ ሚዛን ግዙ። ጠዋት ከእንቅልፍህ ተነስተህ፣ ሽንትህን ሸንተህ፣ ምንም ሳትቀምስ፣ በስስ ልብስ ተመዘንና ደብተር ላይ ጻፈው። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመርክ የወፈርክ እንዳይመስልህ፤ ውኃ ነው። የዚያን ቀን እግር ጉዞ የለም፤ ሐኪምህ ጋ መደወል ወይም መሄድ ነው። የእግርህን አጥንት ፊት ለፊት በአውራ ጣትህ ጫን አድርገህ ስታነሳው ጉድጓዱ ከቀረም፣ ማታ ትራስ መደራረብ ካስፈለገህም እንደዚያው። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘህ ቀን ደግሞ የሽንት መድኃኒቱን ምን ላድርገው ብለህ ጠይቅ፤ በዚህ ከተማ ሙቀት ሰው ቶሎ ነው የሚደርቀው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። እዚህ ላይ ለስለስ ብዬ አልነግርህም፤ አታቁም። 42 የደረስከው መድኃኒቱን እየወሰድክ ነው። ይህን ጥያቄ እንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በቀጥታ ሞክረውታል። ትሬድ-ኤችኤፍ ይባላል፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወጣ። የልብ ጡንቻቸው ሰፍቶና ደክሞ ከነበሩ በኋላ ፍጹም ያገገሙ፣ የመርጨት አቅማቸው ወደ ጤነኛው የተመለሰ፣ ምንም ምልክት የሌላቸው 51 ሰዎች ናቸው። በክትትል ቀስ በቀስ መድኃኒት ካቆሙት 25ቱ፣ በስድስት ወር ውስጥ 11ዱ አገረሸባቸው። ከቀጠሉት በዚያው ጊዜ አንድም አላገረሸበትም። እነዚያ ሰዎች ካንተ ይበልጥ አገግመው የነበሩ ናቸው። ለተሰነጠቀ ግንብ የቆመ ድጋፍ ግንቡ ቀና ስላለ ብቻ አይነቀልም።

ካስቸገረህ ግን ችለህ አትቀመጥ። ከልብ ድካም መድኃኒቶች ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ በሌላ ይቀየራል። ስፒሮኖላክቶን ደግሞ የወንድ ጡት ሊያሳብጥና ሊያሳምም ይችላል፤ እሱም አማራጭ አለው። ብዙ ወንዶች ይህን መናገር አፍረው መድኃኒቱን በምስጢር ያቆማሉ፤ ሚስትም ሐኪምም ሳያውቅ። እባክህ አንተ እንደዚያ አታድርግ።

ስለ በርጫው የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ጫቱ ሳይሆን ሰው ነው የናፈቀህ፤ ራስህ ጽፈኸዋል። ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ከበርጫ መቅረት ማለት ከወሬው፣ ከሥራው መረጃ፣ ከለቅሶውና ከሠርጉ ዜና ሁሉ መቅረት እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው «ጫት ተው» ብሎ ብቻ ማሰናበት ሰውን የማይረዳው።

ግን ሐኪሙ የከለከለህ በከንቱ አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚሠራው እንደ አምፌታሚን ነው፤ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ደም ግፊትን ይጨምራል፣ የልብን የራሱን ደም ሥሮች ያጠባል። የመን ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ከልብ ድንገተኛ ሕመም ጋር አያይዘውታል። አንተ ጠዋት የልብ ምትህን የሚያረጋጋ ክኒን ውጠህ ከሰዓት የሚያስጋልበው ብትቅም፣ መድኃኒቱና ጫቱ ልብህ ላይ ይጓተታሉ። ከዚያ ደግሞ አጃቢዎቹ አሉ፤ መስኮት የተዘጋበት ክፍል፣ የሲጋራ ጭስ፣ በላይ በላዩ የሚጠጣ ለስላሳና ሻይ፣ ሰዓታት መቀመጥ፣ ራት አለመብላት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ለሚጨብሱትም መጠጡ። «ትንሽ ብቀምስስ» ብለህ ብትጠይቀኝ መልሴ አይሆንም ነው፤ ለልብ ድካም ደህና የሚባል ልክ አላውቅለትም።

ስለዚህ ጓደኞችህን ሳይሆን ሰዓቱን ቀይር። ጫቱ ከአወዳይ ወርዶ በርጫው እስኪያዝ ጠዋቱ በሙሉ ያንተ ነው። ከሁሉም የሚቀርብህን አንዱን ምረጥና በግልጽ ንገረው፤ «ሐኪም መራመድ አዞልኛል፤ ጠዋት አብረኸኝ ውጣ፣ ሻይ በኔ» በለው። ለሁሉም አትንገር፤ አንድ ሰው ይበቃል። አንዱ ከመጣ ሁለተኛው ይከተላል፤ ድሬ ሰው ብቻውን ሻይ አይጠጣም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን የበርጫው ክፍል ውስጥ «ዝም ብዬ ልቀመጥ» አትበል። ዓመታት የቃመ ሰው አጠገቡ ጫት እየተቀነጠሰ ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል፤ ጭሱም አይጠቅምህም። ጓደኞችህ የልብ ጓደኞች ከሆኑ ሳምንት አንድ ቀን ምሽት ቤትህ በር ላይ አየር እየበላችሁ ትጫወታላችሁ።

ሌላም ልበል። እንቅልፍ እያጣህ፣ ምንም ነገር እያስጠላህ፣ «ለሰው ሸክም ሆንኩ» የሚል ሐሳብ እየተመላለሰብህ ከሆነ ለሐኪምህ ንገረው። የልብ ድካም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ድብርት ይይዛቸዋል፤ የሚታከም ነው፣ የወንድነት ጉድለትም አይደለም።

የቀሩትን ፈጠን ፈጠን ብዬ ልመልስ። ጨው በቀን ከ5 ግራም አይብለጥ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ ነው፣ ለወጡም ለዳቦውም አንድ ላይ። የጠረጴዛውን ጨው አንስታችሁ ይሆናል፤ ሚጥሚጣው፣ የጠዋቱ ፉል፣ ወጥ ውስጥ የሚገባው የሾርባ ኩብ ግን የሚረሱ ናቸው። «ለደም ግፊት የሚስማማ ጨው» ተብሎ የሚሸጠውን ሐኪም ሳትጠይቅ አትጠቀም፤ ፖታሲየም አለው፣ ከኢናላፕሪልና ከስፒሮኖላክቶን ጋር አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ሱቁ ትመለሳለህ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ ማናገርና ሒሳብ መያዝ። ባትሪና ጎማ ማንሳቱ የወንድምህ ሥራ ሆኖ ይቆይ። ወንድምህንም ቁጭ ብለህ አናግረው፤ ሱቁን ልትነጥቀው ሳይሆን አብረኸው ልትሠራ እንደምትመለስ ከአንደበትህ ይስማ።

ሐረር ሂድ። ደንገጎን የሚወጣው መኪናው ነው። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ሕመሙ ለረጋለት ሰው ይህን ያህል አያስቸግርም፤ ብርዷ እንዲያውም ይስማማሃል። መድኃኒትህን በእጅህ ያዝ እንጂ ከሻንጣ ጋር ከላይ አታስጭነው፤ ላሲክሱን ለመንገዱ ሰዓት አመቻቸው። የጀጎል ጎዳናዎች አቀበት አላቸውና የመጀመሪያውን ቀን እናትህ ጋ አርፈህ ዋል፤ በማግስቱ ቀስ ብለህ ውጣ።

ያፈርክበትን ጥያቄ የጠየቀ ካንተ በፊትም ብዙ ነው። ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያለከልክህ፣ ደረትህንም ሳያምህ መውጣት ስትችል ከባለቤትህ ጋር መሆንም አያሰጋህም። አሁን እዚያ አልደረስክም፤ እርምጃው ያደርስሃል። ስሜቱ ወይም አቅሙ ከቀነሰ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሊሆን ይችላል፣ ፍርሃቱም ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙን ጠይቅ። ከመንደር የሚሸጠውን የወሲብ ማነቃቂያ ክኒን ግን በራስህ አትሞክር፤ ለደረት ሕመም ከሚሰጡት የናይትሬት መድኃኒቶች ጋር ከተገናኘ ደም ግፊትን ጥሎ ሊገድል ይችላል።

የመጨረሻው የባለቤትህ ነገር ነው። አንተ ሆስፒታል የገባህበትን ያንን ሌሊት የምታስታውሰው ከውስጥ ነው፤ አየር ፍለጋ ላይ ነበርክ። እሷ ግን ቁጭ ብላ አይታሃለች። ትንፋሽህን ስትቆጥር ያደረች ሴት ናት። የውኃ ጆጉን ከእጅህ የምትቀማህ ያ ሌሊት ተመልሶ እንዳይመጣ ነው፤ «ደህና ነኝ» ማለትህ አያረጋጋትም፣ ያኔም «ደህና ነኝ» ብለሃት ነበር ይሆናል። ስለዚህ በቃል አትከራከራት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሃት ግባ፤ «ምን ያህል ይራመድ? ምን ያንሳ? ምን ሲሆን ልደንግጥ?» ብላ ራሷ ትጠይቅ፣ መልሱንም ከሐኪሙ አፍ ትስማ። የሚዛኑን ደብተር እሷ ትያዝ። የሚያሰጋውን ምልክት አብራችሁ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። በዚያ ወረቀት ላይ ካለው አንዱ የታየ ቀን ያለ ክርክር ሆስፒታል ትሄዳለህ፤ አንዱም ካልታየ ደግሞ እሷ ያለ ክርክር ታስወጣሃለች። ይህን ስምምነት አድርጉ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትም አብራችሁ ተራመዱ። ስታወራት እየሄድክ ትንፋሽህ ሳይቆራረጥ ትሰማለች። ሐኪሙ ስለ ልብህ በርና ስለ ምትህ መልስ ከሰጠህ፣ ሌላ የምትጠብቁት የለም፤ በማግስቱ ንጋት ላይ ጀምሩ።